ርካሽ ሁሉ ዳምፒንግ አይደለም፦ ለጎንደሩ ሸማኔ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጎንደር አዲስ ዓለም የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ሙያውን ከአባታቸው ተረክበው ከወንድማቸው ጋር ይሠራሉ። እንዲህ ይላሉ፦ «የእኛን የጥበብ ጥለት በማሽን ያተሙበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ ቅዳሜ ገበያን ሞልቶታል። አንድ የሀበሻ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ የሚሸጠው እኔ ለክር ብቻ ከማወጣው ባነሰ ነው። ይህ ዳምፒንግ አይደለም ወይ? መንግሥት ቀረጥ ሊጥልበት አይችልም? ልጄ ደግሞ ‹ተወውና እኛም ያንኑ አምጥተን እንሽጥ› ይለኛል። ምን ይሻላል?»

ቁርጡን ልንገርዎት። ከጻፉልኝ ብቻ ተነስቼ ይህ ዳምፒንግ ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም። ዕቃው ከእርስዎ ዕቃ መርከሱ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

ዳምፒንግ የሚባለው አንድ አምራች ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክበት ዋጋ ያንኑ ዕቃ በገዛ አገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ ሲያንስ ነው። ንጽጽሩ የእርሱ ዋጋ ከእርስዎ ዋጋ ጋር አይደለም። የእርሱ ዋጋ ከራሱ ዋጋ ጋር ነው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያትመውን ጨርቅ የእጅ ሸማኔ በዓመትም አይጨርሰውም። ፋብሪካው ለአገሩ ሰውም ለእኛም በአንድ ዓይነት ርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ እርስዎን ከገበያ ቢያስወጣዎትም ዳምፒንግ አላደረገም። ይህ ለሰሚው ይመራል፤ ግን ሕጉ የተሠራው እንዲህ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የፀረ-ዳምፒንግ ስምምነትም፣ ከእሱ የተቀዱት የየአገሩ ሕጎችም የሚነሱት ከዚሁ ነው።

የደቡብ አፍሪካን የዶሮ ጉዳይ ላንሳ፤ ነገሩን ከማንም በላይ ግልጽ ያደርገዋል። በአውሮፓ ሰው የሚሻማው ለዶሮ ደረት ሥጋ ነው። ጭንና እግሩ ብዙም ፈላጊ የለውም። ስለዚህ እየቀዘቀዘ በርካሽ ወደ ውጭ ይላካል። የደቡብ አፍሪካ ዶሮ አርቢዎች ከሰሱ። የአገሪቱ የዓለም አቀፍ ንግድ አስተዳደር ኮሚሽን መረመረና ዳምፒንግ አለ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከብራዚል፣ ከዴንማርክ፣ ከአየርላንድ፣ ከፖላንድና ከስፔን በሚገባ ዶሮ ላይ ቀረጥ እንዲጣል ተወሰነ። ግን የንግድ ሚኒስትሩ ወዲያው ሥራ ላይ አላዋለውም። የምግብ ዋጋ ንሯል፣ ድሃው ሕዝብ ዶሮ ነው የሚበላው ብሎ ለአንድ ዓመት አቆየው። ቀረጡ የጸናው በ2023 ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። አንደኛ፣ መርማሪዎቹ ያነጻጸሩት የፖላንድን ዶሮ ከደቡብ አፍሪካ ዶሮ ጋር ሳይሆን ላኪው በአገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ነው። ሁለተኛ፣ በደሉ ተረጋግጦም ቢሆን መንግሥት የሸማቹን ኪስ ያያል።

አሁን ወደ እርስዎ ጨርቅ እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ችግር አለ። የሀበሻ ጥለት የታተመበት ፖሊስተር በላኪው አገር ማን ይለብሰዋል? ማንም። የተሠራው ለእኛ ተብሎ ነው። ታዲያ «በአገሩ ስንት ይሸጠዋል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም። ስምምነቱ ለዚህ መፍትሔ አለው። በላኪው አገር የሚሸጠው ወደ እኛ ከሚላከው 5 በመቶ የማይሞላ ከሆነ፣ መርማሪው ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል። ወይ ያው ፋብሪካ ለሌላ ሦስተኛ አገር የሚሸጥበትን ዋጋ ያያል። ወይ ደግሞ የማምረቻ ወጪውን ከክሩ፣ ከቀለሙ፣ ከመብራቱና ከሠራተኛው ይደምርና የአስተዳደር ወጪና ተገቢ ትርፍ ጨምሮ «ትክክለኛው ዋጋ ይህ መሆን ነበረበት» ይላል። ለእርስዎ ጨርቅ የሚያስኬደው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። ቀላል ሥራ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ፣ ለፋብሪካው የሚላክ መጠይቅና የውጭ አገር መረጃ ይፈልጋል።

ሌላው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚጠየቁት ዋጋ ለዚህ ሒሳብ ብዙም አይረዳም። በዚያ ዋጋ ውስጥ የሱቁ ትርፍ አለ። የመርካቶ አከፋፋይ ትርፍ አለ። ከጅቡቲ እስከ ጎንደር ያለው ጭነት፣ ቀረጡ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የአስመጪው ትርፍ አለ። መርማሪው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየቀነሰ ወደ ኋላ ሄዶ ፋብሪካው በር ላይ ይቆማል። ንጽጽሩ የሚሠራው እዚያ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የሰጠሁት ነው። አንድ ጣቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ መሆን የነበረበት ዋጋ 100 ነው እንበል። ለእኛ የተሸጠው በ80 ነው። ልዩነቱ 20 ነው። ይህ 20 ለ80 ይካፈላል፤ 25 በመቶ ይመጣል። የዳምፒንግ መጠኑ ይህ ነው፣ የሚጣለው ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥም ከዚህ አይበልጥም። መጠኑ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ግን ፋይሉ ይዘጋል። ከአንድ አገር የሚገባው ዕቃ ከጠቅላላው ገቢ ዕቃ 3 በመቶ ካልሞላም በመርህ ደረጃ እንደዚያው ነው።

አሁን ያንኑ ጣቃ በሌላ ዓይን እንየው። አስመጪው ለፋብሪካው የከፈለው 80 ነው። ጉምሩክ ሲደርስ ግን ዲክላራሲዮኑ ላይ፣ ማለትም ዕቃውንና ዋጋውን ለጉምሩክ በሚያሳውቅበት ቅጽ ላይ፣ 40 ብሎ አስመዘገበ። አንደር ኢንቮይስ የሚባለው ይኼ ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው 100 እና 40ን ያነጻጽርና 150 በመቶ ዳምፒንግ አገኘሁ ብሎ ይጮኻል። ፋብሪካው ግን በ40 አልሸጠም። ያለው ዳምፒንግ ሳይሆን ቀረጥ ማጭበርበር ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ለዚህ የዓመት ምርመራ አያስፈልግም፤ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው በቂ ናቸው። የጉምሩክ ኮሚሽን የዕቃውን ትክክለኛ ዋጋ አጣርቶ የጎደለውን ቀረጥና ታክስ ከነቅጣቱ ማስከፈል ይችላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጨርሶ ጉምሩክ ያላየው ዕቃ ነው። እናንተ ጎንደሮች ለመተማ መንገድ ቅርብ ናችሁ፤ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ። በጉምሩክ ያላለፈ ዕቃ ላይ የፈለገው ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ቢጣል አይነካውም። እንዲያውም ይጠቀማል። በሕጋዊ መንገድ ያስገባው ነጋዴ ዋጋው ይጨምርበታል፤ ኮንትሮባንዲስቱ ገበያውን ጠቅልሎ ይወስዳል። ጨርቁ በዋናነት በኮንትሮባንድ እየገባ እያለ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ይጣል ማለት የራስን ጉሮሮ ማነቅ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት የእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዳምፒንግ ነው ወይ?» መሆን የለበትም። «በየት በኩል ገባ? ስንት ተብሎ ተመዘገበ?» መሆን አለበት። የሸማኔው ጥቅም ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልሱም ቶሎ ይገኛል።

ያም ሆኖ የዳምፒንግ ጉዳይ የመጨረሻውን ያህል ሄደ እንበል። ዳምፒንግ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የአገር ውስጥ አምራቹ የጎላ ጉዳት እንደደረሰበትና ጉዳቱ የመጣው በዚያው ዕቃ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙ ክስ የሚወድቀው እዚህ ነው። የእርስዎ ሽያጭ ለምን ቀነሰ? ጨርቁ ስለገባ ብቻ ነው? ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም ወርዷል፤ ከውጭ የሚመጣ ክርና ቀለም ተወዷል። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ወደ ጎንደር የሚመጣው እንግዳ ቀንሷል። ለጥምቀት ከውጭ አገር እየመጣ ጋቢና ቀሚስ ሸክፎ የሚሄደው ሰው እንደድሮው አይደለም። መርማሪ እነዚህን ጉዳቶች ለይቶ ያወጣቸዋል፤ በገቢ ዕቃው ላይ እንዲደፈደፉ አይፈቅድም።

በሌላ በኩል ይኸው የብር መውረድ ለእርስዎ የሚጠቅም ጥያቄ ያስነሳል። ብር ሲወርድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መወደድ ነበረበት። ሌላው ሁሉ ሲወደድ ይህ ጨርቅ ዋጋው ካልነቃነቀ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወይ ላኪው ዋጋ ሰብሯል፣ ወይ ወረቀቱ ተነክቷል፣ ወይ ጨርቁ በጓሮ ገብቷል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምርመራ የሚያስጀምር ፍንጭ ግን ነው።

ደግሞ «ተመሳሳይ ዕቃ» የሚባል ጣጣ አለ። ክስ የሚቀርበው ከገባው ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት ወይም በጣም የተቀራረበ ዕቃ በሚያመርት ሰው ነው። የአስመጪው ጠበቃ የመጀመሪያ ክርክሩ ይህ እንደሚሆን አልጠራጠርም፦ «የእሳቸው በእጅ የተሸመነ ጥጥ ነው፤ የእኛ በማሽን የታተመ ፖሊስተር ነው፤ ምን አገናኘው?» ባዶ ክርክር አይደለም። ጨርቁን ገልብጠው ይዩት። የታተመው በጀርባው ፈዞ ይታያል። የእርስዎ ጥበብ ግን ክሩ ራሱ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ የተሠራ ስለሆነ በጀርባውም ይታያል። ከጫፉ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። የእርስዎ መልስ መሆን ያለበት በገዢው በኩል ያለው ነው። ሁለቱም ለአንድ ሠርግ፣ ለአንድ ጥምቀት፣ በአንድ ሰው ይለበሳሉ፤ አንዱን የገዛች ሴት ሌላውን ትታ ነው። ይህን የሚያስረዳ የደንበኛ ምስክርነት ካለዎት ክርክርዎ ይጸናል። ከሌለዎት ይወድቃል።

ይህንኑ ክብሪት ለሌላም ጉዳይ ይጠቀሙበታል። ፖሊስተሩን «ንጹሕ ጥጥ ነው» ወይም «የእጅ ሥራ ነው» እያለ የሚሸጥ ሱቅ ካለ፣ ያ ሸማቹን ማሳሳት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ምንነትና አሠራር የተሳሳተ መረጃ መስጠትን ይከለክላል። ለዚህ አቤቱታ ውጭ አገር ፋብሪካ ድረስ መጠይቅ መላክ አያስፈልግም። ናሙና፣ ደረሰኝና ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይበቃል። ብዙ ሸማኔ ይህን መንገድ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው እላለሁ። ገዢው እያወቀ ርካሹን ቢገዛ መብቱ ነው። ሳያውቅ ሲገዛ ግን እርስዎም እርሱም ተዘርፋችኋል።

ክሱን ማን ያቀርባል? አንድ ሸማኔ ብቻውን አይችልም። ዓለም አቀፉ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ክሱን የሚደግፉት አምራቾች ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 25 በመቶውን ማምረት አለባቸው። ድጋፍም ተቃውሞም ከገለጹት መካከል ደግሞ ከግማሽ በላዩ ምርት የደጋፊዎቹ መሆን አለበት። ለሁለት ሦስት ትልልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይህ ቀላል ነው። ከጎንደር እስከ ዶርዜ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጓዳ ድረስ ለተበተነ ሸማኔ ግን ከባድ ነው። ለዚህ ነው በዓለም ላይ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ በአብዛኛው ብረት አምራቾችን፣ ኬሚካልና ፕላስቲክ ፋብሪካዎችን ሲጠቅም የምናየው። ሕጉ ለትንሽ አምራች በሩን አልዘጋም፤ ግን በሩን ለመግፋት ክንድ ይጠይቃል። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በርካሽ ዕቃ መጀመሪያ የሚወድቀው ትንሹ ነው።

ጊዜውንም ይወቁት። ምርመራው ከተጀመረ 60 ቀን ሳይሞላ ጊዜያዊ ቀረጥ እንኳ አይጣልም። ምርመራው በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በ18 ወር ያልቃል። የመጨረሻው ቀረጥ ከተጣለ በኋላ 5 ዓመት ይቆያል፤ ካልታደሰ ይነሳል። ይህ የዓለም ንግድ ድርጅት አባሎች የሚሄዱበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ለአባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩም ሁለት አስርት ዓመታት አልፎታል። እንደ ደቡብ አፍሪካ ወይም እንደ ሕንድ በዚህ ሥራ የሠለጠነና ፋይል ሲመረምር የኖረ ተቋም አገራችን ገና አላካበተችም። ስለዚህ ነገ ማመልከቻ አስገብቼ ለሚቀጥለው ጥምቀት እፎይ እላለሁ ብለው አይጠብቁ።

ዳምፒንግ ባይሆንስ ሌላ እርምጃ የለም ወይ? አለ። ላኪው አገር ፋብሪካውን በገንዘብ እየደጎመ ከሆነ የማካካሻ ቀረጥ የሚባል አለ። ማንም ሳያጭበረብር ዕቃው ድንገት እንደ ጎርፍ ከገባ ደግሞ ሴፍጋርድ የሚባለው የመከላከያ እርምጃ አለ። ይኼኛው ጥፋተኛ አይፈልግም፤ የጉዳት ደረጃው ግን ከዳምፒንጉ የከበደ መሆን አለበት። የሚጣለው በአንድ አገር ዕቃ ላይ ሳይሆን በመርህ ደረጃ ከየትም በሚመጣው ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ እስከ 4 ዓመት ነው፤ ከዓመት በላይ ከቆየም ቀስ በቀስ እየላላ መሄድ አለበት። ተራው የጉምሩክ ቀረጥም አለ። የታሪፉ ጣሪያ 35 በመቶ ነው፤ አልባሳትም ከፍተኛ ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ናቸው። ቀረጡ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው ዕቃው የረከሰው የሚል መነሻ ካለዎት ይተዉት። በሕጉ የተጻፈው ቀረጥና በእርግጥ የሚከፈለው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ያ ግን ወደ ዲክላራሲዮኑ ጥያቄ ይመልሰናል።

«ጥለቱ የእኛ ነው፣ ሰረቁን» የሚለውን ብሶትም ብዙ ሸማኔ ያነሳዋል። የኢንዱስትሪ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይጠበቃል፤ ግን አዲስ መሆን አለበት። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ጥለት አዲስ ስላልሆነ አንድ ሰው በስሙ ማስመዝገብ አይችልም። እርስዎ ራስዎ የፈጠሩት አዲስ ጥለት ካለ ግን ገበያ ሳያወጡት በፊት ያስመዝግቡት። ከዚህ ይልቅ የምወደው የጋራ የንግድ ምልክት ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማህበር በጋራ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። የጎንደር ሸማኔዎች ማህበር አንድ ምልክት አስመዝግቦ በእያንዳንዱ ጋቢና ቀሚስ ጠርዝ ላይ ቢሰፋው፣ ገዢው በዓይኑ ይለየዋል።

እንግዲህ አሁን ምን ያድርጉ? አንድ ደብተር ይግዙ። በየወሩ ስንት ቀሚስና ስንት ጋቢ እንደሸጡ፣ በስንት፣ ክሩን በስንት እንደገዙ፣ ስንት ቀን እንደሠሩና ስንት ቀን ሥራ እንደፈቱ ይጻፉ። ወንድምዎና የሰፈሩ ሸማኔዎችም እንደዚሁ ያድርጉ። የሦስት ዓመት መዝገብ ቢኖር ለማንኛውም መርማሪ ወርቅ ነው፤ የሌለው አቤቱታ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ከሁለት ሦስት ሱቅ ጨርቁን በደረሰኝ ይግዙ። ደረሰኝ አልሰጥም ያለ ሱቅ ካጋጠመዎት እሱንም ከነቀኑ ይመዝግቡ፤ ዕቃው በየት እንደገባ የሚጠቁም ነገር ነው። ጣቃው ላይ ያለውን ጽሑፍና የፋብሪካ ምልክት ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በማህበር ሆናችሁ ጻፉ። ስለ ዋጋና ስለ ኮንትሮባንድ ለጉምሩክ፣ ስለ አሳሳች ሽያጭ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ዳምፒንግ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር። ሦስቱን በአንድ ደብዳቤ አትደባልቁ። የተደባለቀ አቤቱታ ማንም የእኔ ነው አይለውም። ያስገባችሁበትን የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያዙ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎችን በር ማንኳኳትም ይበጃል፤ እንዲህ ያለ ጥናት መሥራት የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ስትጽፉ ግን ሌላውን ወገን አትርሱት። ቀረጥ ቢጣል የሚከፍለው የውጭ ፋብሪካው አይደለም፤ አስመጪው ነው፤ በመጨረሻም ገዢዋ ናት። ያንን ጨርቅ ገዝታ ለልጇ የበዓል ቀሚስ የምታሰፋ እናት አለች። በዚያው ጨርቅ የሚኖር ልብስ ሰፊም አለ። እነሱም ድምፅ አላቸው፤ ሚኒስቴሩም ይሰማቸዋል፤ መስማትም አለበት። ደብዳቤያችሁ «ሁሉም ይታገድ» የሚል ከሆነ ቶሎ ይወድቃል። «ሕጋዊውን ይክፈል፤ ምንነቱ ተጽፎበት ይሸጥ» የሚል ከሆነ ማንም ሊቃወመው አይችልም።

ልጅዎ ያለው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቤት መተዳደር አለበት፤ ሕጋዊ ጨርቅ ከሕጋዊ አከፋፋይ በደረሰኝ ገዝቶ መሸጥ ነውር የለውም። አንድ ነገር ግን ይወቅ። በዳምፒንግ ምርመራ ላይ ያንኑ ዕቃ ራሱ የሚያስመጣ አምራች ከአገር ውስጥ አምራቾች ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ከአከፋፋይ ገዝቶ መሸጥ አስመጪ አያሰኝም፤ ሽያጩ ከሸማው ጋር በአንድ መዝገብ ከተቀላቀለ ግን የደረሰባችሁን ጉዳት ማሳየት ያስቸግራል። ስለዚህ ልጅዎ ጨርቁን መሸጥ ከፈለገ በራሱ ስም፣ በራሱ ንግድ ፈቃድና በራሱ ደብተር ያድርገው። የእርስዎ የሽመና መዝገብ ለብቻው ንጹሕ ሆኖ ይቆይ፤ ማህበሩም እርስዎን እንደ ሸማኔ ብቻ ይቁጠርዎት።